ከርሰ ምድርን በስሌት፦ ከፖትስዳም መዝገብ እስከ አፋር ሥዕል

ስለ ምድር ውስጣዊ አካል ከሚታወቀው አብዛኛው በቁፋሮ ሳይሆን በስሌት የተገኘ ነው። ሶቪየቶች በኮላ ባሕረ ገብ መሬት ከ1970 ጀምረው ሃያ ዓመት ያህል የሰረሰሩት ጉድጓድ የደረሰው 12,262 ሜትር ሲሆን፣ ከምድር ወለል እስከ መሀሏ ያለው ርቀት 6,371 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያ ሁሉ ልፋት ከመንገዱ አምስት መቶኛውን እንኳ አልሞላም። የቀረውን የሚያቋርጠው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያስነሣው ሞገድ ነው። ሞገዱ በየትኛው ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ደቂቃና ሴኮንድ እንደ ደረሰ መመዝገብ አንድ ሥራ ነው፤ ከዚያ ሰዓት ተነሥቶ ሞገዱ በምን ዓይነት ዐለት ውስጥ፣ በምን ፍጥነት እንዳለፈ ማውጣት ሌላ ሥራ። የዚህ ሙያ የመቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ በአመዛኙ ሁለተኛው ሥራ አንደኛውን ሲያሳድድ የኖረበት ታሪክ ነው። መዝገቡ በየጣቢያው ይከመራል፤ ስሌቱ ግን ዘግይቶ፣ አንዳንዴም አንድ ትውልድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምድር ከውስጥ እንደ ወለሏ አለመሆኗ የሞገዱ ነገር ከመታወቁ በፊትም ተጠርጥሮ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 በእርሳስ ኳሶች መካከል ያለውን ስበት ለክቶ የምድር አማካይ እፍግታ የውሃን 5.48 እጥፍ እንደሚሆን አሰላ፤ ዛሬ ተቀባይነት ያለው ቁጥር 5.51 ነው። ሰው በእጁ የሚያነሣው ተራ ዐለት ግን አብዛኛውን ጊዜ የውሃን ሦስት እጥፍ አይደርስም። እንግዲህ ጎዶሎውን የሚሞላ ከባድ ነገር ከሥር መኖር አለበት። ጀርመናዊው ኤሚል ቪኸርት በ1897 ከዚህ ተነሥቶ ምድር የብረት እምብርት፣ በላዩም የዐለት ልባስ አላት የሚል ስሌት አቀረበ። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም።

ማረጋገጫው የሚመጣበት በር ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በአጋጣሚ ተከፍቶ ነበር። ኤርንስት ፎን ሬቦይር-ፓሽቪትስ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፣ ጨረቃ ቱንቢን ምን ያህል ከመስመሩ እንደምታዛንፍ ለማወቅ በፖትስዳምና በቪልሄልምስሃፈን አግድም የሚወዛወዙ ስስ ፔንዱለሞች ተክሎ ነበር። ኤፕሪል 17 ቀን 1889 ሁለቱም መሣሪያዎች ያልታሰበ ንዝረት መዘገቡ። ኋላ በዚያው ዕለት ቶኪዮ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መድረሱን በአንድ የሳይንስ መጽሔት ሲያነብ ሰዓቱን አስተያየና ንዝረቱ ከጃፓን የመጣ መሆኑን ተረዳ። በሩቅ አገር የተነሣ መንቀጥቀጥ በመሣሪያ መመዝገቡ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተመራማሪው በ1895 በሳንባ ነቀርሳ በ34 ዓመቱ ሞተ፤ ከመሞቱ በፊት ግን ዓለምን የሚሸፍን የጣቢያዎች መረብ እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

መረቡን በተግባር መዘርጋት የጀመረው ጆን ሚልን ነው። ሚልን ከ1876 ጀምሮ በጃፓን የማዕድን ምሕንድስና ሲያስተምር ከባልደረቦቹ ከጄምስ ዩዊንግና ከቶማስ ግሬይ ጋር ሴይስሞግራፍን ለሥራ የሚበቃ መሣሪያ አድርጎታል። በ1895 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በዋይት ደሴት ላይ ሻይድ በተባለች መንደር ተቀመጠ፤ ከዚያም ሆኖ በብሪታንያ ግዛቶችና ከግዛቶቹም ውጭ አንድ ዓይነት መሣሪያ አስተከለ። ከየጣቢያው የሚነበበው ሰዓት በፖስታ ይደርሰው ነበር። ሚልን በ1913 ከሞተ በኋላ ሥራው ወደ ኦክስፎርድ ተዛወረ፤ በዚያም ከየአገሩ የሚመጣው የሞገድ መድረሻ ሰዓት ዓለም አቀፍ በሆነ የማጠቃለያ መዝገብ እየታተመ ቀጠለ። ይህ አሰልቺ የቁጥር ጥራዝ ከሌለ ቀጥለው የሚነገሩት ግኝቶች ግማሽ ያህሉ ባልኖሩ ነበር።

ጁን 12 ቀን 1897 የሕንዱን አሳም የመታው ታላቅ መንቀጥቀጥ በአውሮፓ መሣሪያዎች ላይ በደንብ ተመዘገበ። በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ሪቻርድ ኦልድሃም መዝገቦቹን ሲመረምር ሦስት ዓይነት ሞገድ ለየ። ቀድሞ የሚደርሰው ዐለቱን በመንገዱ አቅጣጫ እየጨመቀና እየሳበ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ዐለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ያልፋል፤ ከመጀመሪያውም ይዘገያል። ሦስተኛው በምድር ወለል ላይ ብቻ ይንከባለላል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1906፣ ኦልድሃም ከመንቀጥቀጡ ተቃራኒ ጫፍ የሚገኙ ጣቢያዎች ሞገዱን ከሚጠበቀው ዘግይተው እንደሚመዘግቡ አሳየና በምድር መሀል ሞገድን የሚያዘገይ ልዩ አካል አለ ሲል ደመደመ። የቪኸርት እምብርት ምስክር አገኘ።

ይሁንና «አለ» ማለትና «በዚህ ጥልቀት ላይ አለ» ማለት ይለያያሉ። ሁለተኛውን ለማለት ያስቻለው በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የተወለደ አንድ የሒሳብ ዘዴ ነው። ሞገድ በጥልቀት እየፈጠነ ስለሚሄድ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ታች ወርዶ፣ ጎብጦ፣ ተመልሶ ይወጣል። ርቆ የሚወጣው ጠልቆ የወረደው ነው። ጉስታቭ ሄርግሎትስ በ1907 እንዳሳየው፣ የመድረሻ ሰዓት ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ካለ፣ ሞገዱ በወረደበት በእያንዳንዱ ጥልቀት የነበረው ፍጥነት በቀመር ሊወጣ ይችላል። ቪኸርትና ተማሪዎቹ ቀመሩን ለሥራ አመቻቹት። ሰው በእርሳስና በወረቀት ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ታች የወረደው በዚህ ዘዴ ነው። ዘዴው አንድ ድክመት ነበረበት፦ ፍጥነቱ ወደ ታች በድንገት ከቀነሰ ቀመሩ ይሰናከላል፤ የሚቀንሰውም በጣም በሚፈለገው ቦታ ላይ ነበር።

በዚህ መካከል በዛግሬብ ሌላ ወሰን ተገኘ። ኦክቶበር 8 ቀን 1909 ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የኩፓ ሸለቆ ተንቀጠቀጠ። የዛግሬብ ሜትሮሎጂ ተቋም ኃላፊ አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ከአውሮፓ ጣቢያዎች ያሰባሰበውን መዝገብ ሲያይ በአንዳንዶቹ ላይ አንዱ የመጀመሪያ ሞገድ ሁለት ጊዜ የደረሰ ይመስል ነበር። ምክንያቱን በስሌት አወጣው፦ አንዱ ከላይ ባለው ቅርፊት ውስጥ በዝግታ፣ ሌላው ከሥሩ ባለው ጠንካራ ዐለት ውስጥ በፍጥነት ተጉዞ ነው የደረሰው። ሩቅ ጣቢያ ላይ የታችኛው፣ መንገዱ ቢረዝምበትም፣ የላይኛውን ይቀድማል። ሞሆሮቪቺች በቅርፊቱና ከሥሩ ባለው የዐለት ልባስ፣ በማንትሉ፣ መካከል ያለውን ወሰን 54 ኪሎ ሜትር ላይ አስቀመጠው። ይህ ወሰን ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በአህጉሮች ሥር በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል፤ በውቅያኖስ ወለል ሥር ያለው ቅርፊት ግን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የእምብርቱን ጥልቀት የለካው የቪኸርት ተማሪ ቤኖ ጉተንበርግ ነው። ከመንቀጥቀጡ ሥፍራ በማዕዘን ልኬት ከ105 እስከ 140 ዲግሪ ገደማ ርቀት ላይ ቀጥተኛው ሞገድ የማይታይበት የጥላ ቀጠና አለ፤ እምብርቱ ሞገዱን ወደ ውስጥ ስለሚሰብረው ነው። ጉተንበርግ የተለያየ ጥልቀት እየገመተ የጥላውን ስፋት ከመዝገቡ ጋር አስተያየና በ1913 ወሰኑን 2,900 ኪሎ ሜትር ላይ አገኘው። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሰጠው ቁጥር 2,891 ነው። ያኔ የነበሩት ጣቢያዎች ጥቂት፣ ሰዓቶቻቸውም የማይታመኑ እንደነበሩ ለሚያውቅ፣ ይህ ቅርበት እስካሁን ያስገርማል።

እምብርቱ ፈሳሽ መሆኑን ለመቀበል ግን ሌላ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም፤ እምብርቱን አቋርጦ የመጣ እንዲህ ያለ ሞገድም በግልጽ ታይቶ አያውቅም። ሆኖም ጉተንበርግን ጨምሮ ብዙዎቹ እምብርቱን ጠጣር አድርገው ማሰቡን አልተዉም። ነገሩን የቋጨው የካምብሪጁ ሃሮልድ ጄፍሪስ ነው። በ1926 ባወጣው ጽሑፍ ጨረቃና ፀሐይ ምድርን ሲስቧት የምትለጠጥበትን መጠን ከማንትሉ ጥንካሬ ጋር አስተያየ፤ ማንትሉ በሞገዱ ፍጥነት እንደሚታወቀው ጠንካራ ከሆነ፣ መላዋ ምድር ያን ያህል የምትለጠጠው እምብርቷ ለስላሳ ቢሆን ብቻ ነው።

ጄፍሪስ ከኒው ዚላንድ ከመጣው ተማሪው ከኪት ቡለን ጋር በ1930ዎቹ የሠራው ሥራ ከግኝቱ ያነሰ ዝና አለው፤ ጥቅሙ ግን ምናልባት ይበልጣል። ሁለቱ ሰዎች ከኦክስፎርድ መዝገብ ሺህዎች የመድረሻ ሰዓቶችን አውጥተው፣ ስሕተተኛውን ከደኅናው በስታቲስቲክስ እየለዩ፣ በእጅ በሚንቀሳቀስ የሒሳብ መኪና ዓመታት ደክመው በ1940 የሞገድ ጉዞ ሰዓት ሠንጠረዥ አሳተሙ። ሠንጠረዡ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የመሬት መንቀጥቀጥን ሥፍራ ለማወቅ አገልግሏል።

በዚያው ዘመን በኮፐንሃገን ኢንገ ሌማን ብቻዋን ትሠራ ነበር። ከ1928 ጀምሮ የዴንማርክን የሴይስሞሎጂ ክፍል የመራችው ይህች ሴት መዝገብ በማንበብ ትክክለኛነቷ የታወቀች ናት። የመንቀጥቀጦቹን ሰዓት በካርድ ላይ እየጻፈች ካርዶቹን በባዶ የአጃ ካርቶን ውስጥ ትደረድራቸው እንደነበር የሥጋ ዘመዷ አስታውሷል። በ1929 በኒው ዚላንድ የደረሰ ትልቅ መንቀጥቀጥ በጥላ ቀጠናው ውስጥ፣ ሞገድ ሊታይ በማይገባው ቦታ፣ ደካማ ግን ግልጽ ምልክት ተወ። ሌሎቹ ምልክቱን ከእምብርቱ ጠርዝ ላይ የተበተነ ሞገድ ነው ብለው አለፉት። ሌማን ግን ስሌቱን ሆን ብላ አቀለለችው፦ በማንትሉ ውስጥ ፍጥነቱን በሴኮንድ 10 ኪሎ ሜትር፣ በእምብርቱ 8 ኪሎ ሜትር አደረገች፤ ከዚያም በመሀል ሞገድ የሚፈጥንበት ትንሽ ውስጣዊ እምብርት ስታስገባ ምልክቱ በተመዘገበበት ቦታ ላይ ወጣ። ይህ በ1936 ታተመ። ሌማን እስከ 1993 ኖራ በ104 ዓመቷ ስታርፍ በካርቶን ያደራጀችው ሥራ በሱፐር ኮምፒውተር ሲሠራ አይታለች። የውስጣዊው እምብርት ከመሀል እስከ ጠርዝ ስፋት ዛሬ 1,221 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ይታወቃል።

እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሴይስሞሎጂ ጥቂት ሰዎችና ጥቂት ገንዘብ የነበሩት ሙያ ነበር። ሁኔታውን የለወጠው አቶሚክ ቦምብ ነው። በ1958 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡ የምሥራቅና የምዕራብ ባለሙያዎች የኑክሌር ሙከራን የሚከለክል ስምምነት ቢደረግ፣ ከምድር በታች የሚፈነዳን ቦምብ ከመሬት መንቀጥቀጥ መለየት ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ተወያዩ። መልሱ የሚያረካ አልነበረም፤ የነበሩት ጣቢያዎች መሣሪያቸውም ሰዓታቸውም የተለያየ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ገንዘብ መደበና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በ60 ያህል አገሮች 120 ገደማ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ትክክለኛ ሰዓት ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱ አዲስ አበባ ነበር።

አዲስ አበባ ወደዚህ ታሪክ የገባችው መጀመሪያ በመግነጢስ በኩል ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ በ1957 እና 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አጋጣሚ በአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹና የረጅም ጊዜ ኃላፊው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። ሴይስሞግራፍ የተተከለው በ1959 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራ አገኘ። በ1961 ክረምት መግቢያ ላይ በሰሜን ሸዋና በወሎ ድንበር አካባቢ የደረሰው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎዳ። በ1969 ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈረሰች። አባ ጉዌን የመሣሪያው ዘመን አጭር መሆኑን ስላወቁ ወደ ኋላ ተመልሰው ዜና መዋዕሎችንና የመንገደኞችን ጽሑፍ አገላበጡ፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው በ1979 ታተመ። እስካሁን በመስኩ የሚጠቅስ ሁሉ የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

የአዲሱ መረብ መዝገብ በየቀኑ በሚለወጥ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር። ወረቀቱ ወደ አሜሪካ ተልኮ በማይክሮፊልም ከተነሣ በኋላ ወደ ጣቢያው ይመለሳል፤ የፊልሙን ቅጂ ማንኛውም ተመራማሪ በርካሽ ሊገዛ ይችል ነበር። ለስለላ የተዘረጋ መረብ መዝገቡ ለሁሉ ክፍት መሆኑ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ያልተለመደ ነገር ነው። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ፦ በ1967 ሊን ሳይክስ ከእነዚሁ ፊልሞች ተነሥቶ የውቅያኖስ ወለል ስንጥቆች የሚንቀሳቀሱበትን አቅጣጫ አረጋገጠ፤ የምድር ቅርፊት በተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው የሚለው ሐሳብም በሁለት ዓመት ውስጥ ተቀባይነት አገኘ።

ስሌቱ መዝገቡን የቀደመበት አንድ አጋጣሚ ቢኖር የምድር ነጻ ንዝረት ነው። እጅግ ትልቅ መንቀጥቀጥ ምድርን በሙሉ እንደ ተመታ ደወል ያስተጋባታል፤ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ደወሉ ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል። እንግሊዛዊው ኦገስተስ ላቭ በ1911 ምድርን የምታክል የብረት ኳስ አንዴ ለመወዛወዝ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚፈጅባት አስልቶ ነበር። እውነተኛዋን፣ ተደራራቢዋን ምድር ግን በእጅ ማስላት አይሞከርም። በእስራኤል ሬሆቮት፣ በቫይዝማን ተቋም፣ ኃይም ፔከሪስ፣ ጽፖራ አልተርማንና ሐንስ ያሮሽ ቫይዛክ በተባለው የአገሪቱ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ስሌቱን ሠርተው በ1959 አሳተሙ። ሜይ 22 ቀን 1960 ቺሊ መጠኑ 9.5 በሆነ፣ እስከ ዛሬ ከተለኩት ሁሉ በበለጠ መንቀጥቀጥ ተመታች። በዚያው ዓመት በሄልሲንኪ በተደረገው ጉባኤ የመዘገቡትና ያሰሉት ቁጥራቸውን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ረጅሙ ንዝረት 54 ደቂቃ ያህል ነበር፤ ከስሌቱም ጋር ገጠመ።

ከዚህ በኋላ የጎደለው ረጅም መዝገብን ወደ ንዝረት ክፍሎቹ የሚበትን ፈጣን ዘዴ ነበር። ይህም ከቦምቡ ጉዳይ ጋር ተያይዞ መጣ። ሪቻርድ ጋርዊን የተባለው የአይቢኤም የፊዚክስ ሊቅ የሶቪየትን ፍንዳታ ከሴይስሞግራፍ ለመለየት የሚያግዝ ዘዴ ሲፈልግ የጆን ቱኪን ሐሳብ አገኘ፤ ባልደረባው ጄምስ ኩሊም በኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈው። በ1965 የታተመው ይህ ዘዴ፣ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ላለው መዝገብ በድሮው መንገድ አንድ ትሪሊዮን ማባዛት ይጠይቅ የነበረውን ወደ ሃያ ሚሊዮን ገደማ አወረደው። ዛሬ በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ አለ።

አዳም ጀዎንስኪና ፍሪማን ጊልበርት በ1964ቱ የአላስካ መንቀጥቀጥ 84 መዝገቦች ላይ ዘዴውን ተጠቀሙ። መዝገቦቹ በፊልም ላይ ያሉ መስመሮች ስለነበሩ መስመሩን በእጅ እየተከተሉ ወደ ቁጥር መለወጥ ያስፈልግ ነበር። ከንዝረቶቹ በ1971 የተገኘው ማስረጃ ሌማን ያገኘችው ውስጣዊ እምብርት ጠጣር መሆኑን አሳየ። አሥር ዓመት ቆይቶ ጀዎንስኪ ከዶን አንደርሰን ጋር አንድ ሺህ ያህል የንዝረት ልኬቶችን፣ የሞገድ ጉዞ ሰዓቶችንና የምድርን ክብደት በአንድ ስሌት አዋሕዶ የምድርን መነሻ ሞዴል አወጣ። በዚህ ሞዴል መሠረት የመጀመሪያው ሞገድ በማንትሉ ግርጌ በሴኮንድ 13.7 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ እምብርቱን ሲነካ ወደ 8 ይወርዳል፤ የምድር መሀል ግፊትም ከከባቢ አየር ግፊት 3.6 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ነው። ሞዴሉ አሁንም በመላው ዓለም በሥራ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ምድርን እንደ ተነባበረ ኳስ የሚያይ ነበር፤ በኢትዮጵያ ሥር ያለው 500 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በካናዳ ሥር ካለው የማይለይ ያህል። ልዩነቱን ማውጣት የተጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ኬይቲ አኪ በኖርዌይ ቦምብ ለማዳመጥ በተተከሉ ጎን ለጎን ያሉ ጣቢያዎች ላይ ሞገድ በጥቂት ክፍልፋይ ሴኮንድ ሲቀድምና ሲዘገይ አየ፤ መዘግየቱን ከጣቢያዎቹ ሥር ላሉ የዐለት ጡቦች አከፋፍሎ በብዙ እኩልታዎች ፈታው። ጀዎንስኪና ባልደረቦቹ በ1977 ወደ 700,000 የሚጠጉ የመድረሻ ሰዓቶችን ይዘው ያንኑ ለመላዋ ምድር ሠሩት። ዘዴው ስሙን ከሕክምናው ቶሞግራፊ ወሰደ። ሐኪሙ ግን ጨረሩን ከፈለገው ጎን ይልካል፤ እዚህ ጨረሩ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ከሚነሣበት፣ የሚደርሰው ጣቢያ ካለበት ብቻ ነው። ጆርጅ ባከስና ጊልበርት ከ1967 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች እንዳስጠነቀቁት፣ ውሱን ልኬት ወሰን የሌለውን አካል በአንድ መልስ አይቋጨውም። ባለ ቀይና ባለ ሰማያዊ ቀለም ሥዕል ሲታይ ይህ ቶሎ ይረሳል። ቀይ ማለት ሞገድ የዘገየበት ማለት ነው፤ ምክንያቱ ሙቀት፣ ቅልጥ ዐለት ወይም የዐለቱ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ሥዕሎቹ ከመጀመሪያው አንሥቶ በሁለት ቦታ ትልቅ ቀይ አሳዩ፦ ከፓሲፊክና ከአፍሪካ ሥር፣ በማንትሉ ግርጌ። በ1999 ዬሩን ሪትሴማና ባልደረቦቹ ያወጡት ሥዕል የአፍሪካው አካል ከደቡባዊ አፍሪካ ሥር ከእምብርቱ ወሰን ተነሥቶ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያዘነበለ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ እንደሚወጣ አሳየ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ደጋ በላቫ የሸፈነው ሙቀት ምንጩ ሩቅና ጥልቅ ሊሆን እንደሚችል ይህ ጠቆመ። አፋርን የሚያሞቀው አንድ ምንጭ ነው ወይስ የኬንያው ሌላ ነው የሚለው ግን አከራካሪ ሆኖ ቀጠለ፤ አራት ኪሎ ላይ ያለው አንድ ጣቢያና በ1990ዎቹ መጨረሻ በፉሪ ተራራ የተተከለው ዲጂታል ጣቢያ ለዚህ አይበቁም ነበር።

ስለዚህ መሣሪያዎች በገፍ መጡ። ከ2000 እስከ 2002 የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከሃያ በላይ ጊዜያዊ ጣቢያዎችን በደጋውና በስምጥ ሸለቆው ዘረጋ። ቀጥሎም ከ2001 እስከ 2003 የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የጋራ ዘመቻ ተካሄደ። በጃንዋሪ 2003 ፈንጂ በጉድጓድ እያፈነዱ፣ ስምጥ ሸለቆውን ቁመቱንና ወርዱን በሚከተሉ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝሙ መስመሮች በተደረደሩ አንድ ሺህ ያህል መሣሪያዎች አዳመጡ። የቅርፊቱ ውፍረት በስምጥ ሸለቆው ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ አፋር ሲቀርብ ወደ 26 እንደሚሳሳ ታወቀ። ከዚያ ይበልጥ ያነጋገረው ከእሳተ ገሞራዎቹ መስመር ሥር የተገኘው ነው፦ ሞገድ የሚፈጥንባቸው፣ ቀዝቅዘው የደረቁ የማግማ አካላት። ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋው ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ብቻ ሳይሆን ማግማ በመሀሉ እየተሰካበትም ነው የሚለው መደምደሚያ ከዚህ መጣ።

መደምደሚያው ሁለት ዓመት ሳይሞላው በገሃድ ታየ። በሴፕቴምበር 2005 በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ ከመቶ በላይ መንቀጥቀጦች ተከታተሉ፤ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የማግማ ግድግዳ በቅርፊቱ ውስጥ ተሰካና ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር ከፈታት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ አታላይ አየለ የነበሩበት ቡድን በሳምንታት ውስጥ ጣቢያዎችን ተክሎ ክትትል ጀመረ። እስከ 2010 ድረስ አሥራ ሦስት ያነሱ ተመሳሳይ ክስተቶች ተመዘገቡ። አዲስ የውቅያኖስ ወለል ሲወለድ በመሣሪያ ታጅቦ የታየበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየብስ ላይ እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ መካከል የስሌቱ አቅም ከሚጠበቀው በላይ አደገ። ዲሚትሪ ኮማቲችና ዬሩን ትሮምፕ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያዘጋጁት ፕሮግራም የሞገዱን መድረሻ ሰዓት ብቻ ሳይሆን መላ ሞገዱን፣ ከነተራራውና ከነውቅያኖሱ፣ በኮምፒውተር ያስኬዳል። በ2003 በዮኮሃማ በነበረው የጃፓን ሱፐር ኮምፒውተር 1,944 ፕሮሰሰሮች ላይ 14.6 ቢሊዮን ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉትን ስሌት ፈታ። በ2016 የኤብሩ ቦዝዳ ቡድን በአሜሪካ ኦክ ሪጅ በሚገኘው ታይታን ኮምፒውተር የ253 መንቀጥቀጦችን ሙሉ ሞገድ አሥራ አምስት ጊዜ ደጋግሞ እያስተካከለ የመላዋን ምድር ማንትል ሥዕል አወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስኮት ፍሬንችና ባርባራ ሮማኖቪች በተመሳሳይ መንገድ፣ ከብዙ እሳተ ገሞራማ ሥፍራዎች ሥር ከእምብርቱ ወሰን የሚነሡ ሰፋፊ የሙቀት ዐምዶችን አሳይተዋል። ጄፍሪስና ቡለን ዓመታት የፈጀባቸውን ሥራ ዛሬ አንድ ተማሪ በራሱ ላፕቶፕ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል።

ስሌቱ መዝገቡን ደርሶበት አልፎታል፤ አሁን የጎደለው መዝገቡ ነው። ከምድር ገጽ ሰባ በመቶ የሚሆነው ውቅያኖስ ከሞላ ጎደል ጣቢያ የለውም፤ ከ2018 ጀምሮ በደቡብ ፓሲፊክ የተለቀቁት ሃምሳ ያህል ተንሳፋፊ አዳማጮች ክፍተቱን ለመሙላት የተሞከሩ ናቸው። በአፍሪካም ቋሚ ጣቢያዎች ከአህጉሪቱ ስፋት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። በኢትዮጵያ የተካሄዱት ታላላቅ ጥናቶች በአብዛኛው የተመሠረቱት ዘመቻው ሲያበቃ ተነቅለው በሚመለሱ ጊዜያዊ መሣሪያዎች ላይ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተሉት መንቀጥቀጦች ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው አፈናቅለዋል፤ አዲስ አበባም ድረስ ተሰምተዋል። የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰፊ ቆላ ከጥቂት ልኬቶች በቀር በዝርዝር አልተጠናም፤ አፋርን የሚያሞቀው ምንጭ አንድ ይሁን ብዙ የሚለው ክርክርም እልባት የሚያገኘው እዚያና በዙሪያው ቋሚ ጣቢያ ሲተከል ነው።